ቀሪ ሁሉ ሰነፍ አይደለም

የድሮ ተማሪዎቼ፣ በዚህ ጉዳይ ከአንዳንዶቻችሁ ጋር እንደምንጣላ አውቃለሁ። ቢሆንም ልናገር።

«ጌም ላይ ብዙ የተጫወተ ብዙ ያግኝ» ትላላችሁ። እሺ፣ የለፋ ያግኝ። ግን ልፋት የምንለው የቱን ነው?

ቴሌግራም ላይ ሁሉም ሲነካካው የነበረውን ሀምስተር ኮምባት አስታውሱ። ዘግታችሁት ስትሄዱ ሳንቲሙ የሚጠራቀመው ለ3 ሰዓት ብቻ ነበር። ከዚያ ይቆማል። የዕለቱ ኮምቦ 5 ሚሊዮን ሳንቲም ያስገኝ ነበር፤ ቀኑ ካለፈ ግን አለፈ። ይሄ ችሎታን ነው የሚለካው? በፍጹም! የሚለካው ቻርጅና ኔትወርክ ማን እንዳለው ነው።

ቃላሚኖ ቁጭ ብሎ መብራት የሚጠብቅ ልጅ ሰነፍ አይደለም። ከጥቅምት 2013 ጀምሮ ትግራይ ከሁለት ዓመት በላይ ያለ ኢንተርኔት ስትቆይ፣ በየቀኑ ካልገባችሁ የሚል ጌም ሁሉ ልጆቻችንን «ቀሪ» ብሎ መዝግቧቸዋል።

«ታዲያ ምን ይሻላል?» ካላችሁ፣ መልሱ ከ20 ዓመት በፊት ተገኝቷል። ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት በሙከራው ጊዜ ብዙ ሰዓት የተጫወተን ሰው ነጥብ ይቀንስበት ነበር። ተጫዋቾቹ ተቆጡ። ሠሪዎቹም ነገሩን ገለበጡት፦ አርፎ የተመለሰ ሰው ጭራቅ በገደለ ቁጥር ለተወሰነ ጊዜ እጥፍ ነጥብ ያገኛል። ከትጉሁ የተቀማ የለም፤ የራቀውም ተስፋ አይቆርጥም።

ኮድ የምትጽፉ ልጆቼ፣ አደራ! ሽልማቱን ለሥራው ስጡ እንጂ፣ በየ3 ሰዓቱ ስልክ ለሚነካ ጣት አትስጡ። ትጉሁ ከፊት ይሁን፤ ለቀረውም መመለሻ መንገድ ተዉለት።