ካላንደሩ ተለውጧል፣ ተማሪው ይድረስበት

መቼም የዩኒቨርሲቲ ማስታወቂያ ጸሐፊን ያህል ቃል ቆጣቢ አገራችን አላፈራችም። «የትምህርት ካላንደሩ የተለወጠ መሆኑን እየገለጽን፣ ከተጠቀሰው ቀን በፊትም ሆነ በኋላ የሚመጣ ተማሪ የማናስተናግድ መሆኑን እናሳውቃለን።» በቃ! ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ስለ ቁጥብነት ስንት ቀን ጉሮሮዬ ደርቋል፤ ምሳሌው ለካ ሬጅስትራር በር ላይ ተለጥፎልኝ ኖሯል።

ካላንደር ለምን ተነካ የምል ሰው አይደለሁም። መጋቢት 2012 ኮሮና ገባ ተብሎ ግቢው ሲበተን ምን አማራጭ ነበረ? የዚያ ዓመት የ12ኛ ክፍል ፈተና የተሰጠው በ2013 የካቲት ማለቂያና መጋቢት መግቢያ ላይ ነው። የ2013ቱ ወደ ጥቅምት 2014 መጨረሻ ተገፋ፤ የ2014ቱ ደግሞ መስከረም 30 ቀን 2015 ተጀመረ። በመሀል ጦርነቱ አለ። ፈተናው ሲንሸራተት ፍሬሹ ይንሸራተታል፤ ፍሬሹ ሲንሸራተት ዶርሙም ካፌውም መምህሩም አብሮ ነው። የባከነውን ለማካካስ ሴሚስተር አሳጠርን፣ ክረምቱንም አስተማርን። ይሁን። ግን ሒሳቡን ማን ከፈለ?

የድሮው ካላንደር፣ መስከረም ገብቶ ሰኔ የሚወጣው፣ ገበሬው ቤት ከገበያ ጋር የተጋባ ነበር። መስከረም እህል ያልደረሰበት፣ ጎተራ ባዶ የሆነበት ወር መሆኑን የገጠር ልጅ ያውቃል። ነገር ግን እንቁጣጣሽ አለ፣ መስቀል አለ። አባት ልጁ መቼ እንደሚሄድ ካምና ጀምሮ ስለሚያውቅ በግ አድልቦ ይቆያል፤ በበዓሉ ገበያ ይሸጥና የአውቶቡሱን፣ የአንሶላውን፣ የደብተሩን ያወጣል። እስቲ ያንኑ ልጅ ነሐሴ ላይ፣ በአምስት ቀን ማስታወቂያ ጥሩት። በፍልሰታ ጾም በግ የሚገዛ ማን ነው? በግማሽ ዋጋ ይሸጣል ወይ ከአራጣ አበዳሪ ይበደራል። መንገዱ ጭቃ፣ ወንዙ ሙሉ። ካላንደሩን የሚያወጣው ኮሚቴ ስብሰባ ላይ ይህ በአጀንዳ ተይዞ ሰምቼ አላውቅም፤ ሃያ ዓመት ያህል ተሰብስቤአለሁ።

ግቢ ከገባ በኋላስ? አሥራ ስድስት ሳምንት የታሰበው ኮርስ በዘጠኝ ይለቀለቃል። ሚድና ፋይናል ይሳሳማሉ። «ፍቅር እስከ መቃብር» ከ500 ገጽ በላይ ነው፤ እኔ በሁለት ክፍለ ጊዜ ገላግየዋለሁ። ተማሪዎቹ አላነበቡትም፤ ማጠቃለያውን ከፎቶ ኮፒ ቤት ገዝተው ነው የተፈተኑት። አውቄ ነው ያለፍኩት። ግሬዱንም አስገባሁ፣ ያውም በቀኑ!

አንዲት ተማሪ ነበረችኝ፣ ከወሎ ገጠር የመጣች፣ ሁለተኛ ዓመት። 2014 ላይ ነው። ጥሪው በቴሌግራምና በፌስቡክ ወጣ፤ እሷ ያለችበት ኔትወርክ ከተቋረጠ ሰንብቷል። ወሬውን ከገበያ ሰምታ ስትደርስ ምዝገባው ከተዘጋ ዘጠኝ ቀን ሆኖታል። ይዣት ሄድኩ።

«መምህር፣ እኔ ጠፍቶኝ አይደለም» አለኝ የሬጅስትራሩ ኃላፊ፣ ወንበር እየሳበልኝ። «ለአንዷ ብፈቅድ ለሺው ልፈቅድ ነው።»

ለሺው ብትፈቅድስ? ሺህ ሰው ከዘገየ እኮ ጥፋቱ የሺው ሰው አይደለም፣ የቀኑ ነው። ይህንን ያኔ አላልኩም። አሁን ነው የመጣልኝ፣ ጡረታ ሳልወጣ ትቼ ከወጣሁ በኋላ። ያኔ «ይገባኛል» ብዬ ወጣሁ። ልጅቷ የዊዝድሮዋል ቅጹን ሞላች፤ በሚቀጥለው ዓመት በመልሶ ቅበላ ትመለሻለሽ ተባለች። ደረጃው ላይ ቆማ፣ «መምህር፣ ለአባቴ ምን ልበለው?» አለችኝ። የትራንስፖርት ሰጥቼ ሸኘኋት። ስትመለስ አላየኋትም።

«በጀት የለም» የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። የምዝገባ ቀን በሁለት ሳምንት ማራዘም ስንት ብር ይፈጃል? ጥሪውን በሬዲዮና በወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት በኩል ከወር በፊት ማስነገርስ? በሁለት ሴሚስተር መካከል ለአሥር ቀን ብቻ አገሩ ደርሶ መመለስ ለማይችለው ልጅ አንድ ብሎክ ዶርም ክፍት ማድረግ ጥቂት ወጪ አለው፣ እሱን አልክድም። ግን ተማሪው ከ1996 ገደማ ጀምሮ በወጪ መጋራት ውል እየፈረመ ነው የሚማረው፤ የሚበላውም የሚተኛበትም ዕዳ ሆኖ ይጻፍበታል። ባለዕዳን እንኳን ውል ሲለወጥ ጠርተው ያማክሩታል። ካላንደር ሲለወጥ የተማሪ ተወካይ የሚጠራው ከተወሰነ በኋላ፣ «ለተማሪው አስረዱልን» ለመባል ነው።

ኮርሱ ሲያጥር ሸክሙም ይጠር፤ ሰባት የሚወስደው አምስት ይውሰድ፣ የቀረውን በሚቀጥለው። «የምረቃው ቀን ይበላሻል» ትሉኛላችሁ። የምረቃው ቀን የማን ነው? ድንኳኑ የተከራየው ለማን ነበር?