መጽሐፍ ከመጠቆማችን በፊት መነጽር



ሰሞኑን «ምን እያነበባችሁ ነው?» የሚለው ጥያቄ ከስልክ ስልክ እየዞረ ነው። አንዱ የመጽሐፉን ሽፋን ከቡና ሲኒ ጋር ፎቶ አንስቶ ይለጥፋል፣ ሌላው ከሥሩ «እኔ ደግሞ ይኼን ጨርሻለሁ» ይላል። ደስ ይላል። ከሐሜት ይሻላል፣ ከስድብማ በጣም ይሻላል። ብዙዎቻችሁም በውስጥ መስመር «ዶክተር፣ አንተስ ምን እያነበብክ ነው? ለጤና የሚሆን መጽሐፍ ጠቁመን» ብላችሁኛል። እሺ፣ እመልሳለሁ። ግን መልሴ የሚጀምረው ከመጽሐፍ ርዕስ ሳይሆን ከዓይን ነው፤ ለምን እንደሆነ ታያላችሁ።

እኔ ታካሚዎቼን «ምን ያነባሉ?» ብዬ መጠየቅ ልማዴ ነው። ጨዋታ ይመስላል፣ ግን ብዙ ነገር ይነግረኛል። በፊት ያነብ የነበረ ሰው «አሁን ምንም አያምረኝም» ካለኝ ስለ ድብርት እጠይቃለሁ። «አንድ ገጽ ሦስቴ እያነበብኩ አይገባኝም» ካለኝ ስለ እንቅልፉ እና ስለ ጭንቀቱ እንነጋገራለን። «ልክ እንደተኛሁ ሁለት መስመር ሳላነብ ይወስደኛል» የሚለኝ ደግሞ ጎበዝ፣ ቀናሁበት እላለሁ።

ከሁሉም የበለጠ የምሰማው መልስ ግን ሌላ ነው። ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ፣ በየጥኖራና በቢቸና አካባቢ፣ በሞጣም በኩል ከመጡ እናቶችና አባቶች ጋር ስንጫወት ወሬው እንዲህ ይሄዳል፦

«እናቴ፣ ማንበብ ይችላሉ?»

«እችል ነበር ልጄ። በመሠረተ ትምህርቱ ጊዜ ተምሬ የምስክር ወረቀትም ወስጄ ነበር። ኋላ ፊደሉ ጠፋኝ።»

«መቼ ጠፋዎት?»

«እንጃ… ልጆቹን ከዳርኩ ወዲህ መሰለኝ። በቃ አረጀና፣ ጭንቅላቴ አይዝም።»

ይኼን አንድ ሰው ብቻ ቢለኝ ኖሮ አልጽፈውም ነበር። ብዙ ናቸው። እና ጠረጴዛዬ ላይ ከማስቀምጣቸው የንባብ መነጽሮች አንዱን፣ ብዙ ጊዜ +2.50 የሚለውን፣ አድርጌላቸው የመድኃኒት ካርቶን አቀብላቸዋለሁ። ቀስ እያሉ፣ በጣታቸው እየተከተሉ፣ «በ…ቀን… ሁለት… ጊዜ…» ይላሉ። ከዚያ ቀና ብለው ያዩኛል። ፊደሉ የትም አልሄደም ነበር!

ነገሩን በደንብ እናስበው። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የተጀመረው ሐምሌ 1971 ዓ.ም ነው። በ15 የአገራችን ቋንቋዎች ተሰጠ፣ በ1980 እ.ኤ.አ. የዩኔስኮ ሽልማት አግኝቷል። ስለ ደርግ ሌላ ሌላውን የፈለግነውን እንበል፣ ማታ ማታ በኩራዝ ተሰብስበው «ሀ ሁ» የቆጠሩት እናቶቻችን ግን እውነተኛ ነበሩ። የጥኖራም ያኔ በአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበሯ ስሟ የሚጠራ ቀበሌ ነበረች። በዚያን ጊዜ 20 ዓመት የነበረች ሴት ዛሬ ስልሳዎቹን እያጋመሰች ነው። በሃያዎቹ ተምራ፣ በሠላሳዎቹ ከልጅ ማሳደግ በተረፋት ጊዜ አንብባ፣ አርባዎቹ አጋማሽ ላይ ስትደርስ ዓይኗ ለቅርብ ነገር ደከመ። መነጽር የሚባል ነገር በደጇ አላለፈም። ስለዚህ «ፊደል ጠፋኝ» ብላ ደመደመች። እኛም ስንት ጊዜ «እማዬኮ ማንበብ አትችልም» ብለን ሪፖርት አድርገናል!

የሚሆነው ነገር ቀላል ነው። ዓይናችን ውስጥ ያለው ሌንስ በልጅነት ለስላሳ ስለሆነ ቅርብ ስናይ ይጎብጥና ምስሉን ያጠራልናል። ከዕድሜ ጋር እየደደረ ይሄዳል። ከ40 ዓመት አካባቢ ጀምሮ እንደበፊቱ መጉበጥ ያቅተዋል። ምልክቱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፦ አባባ ስልኩን አርቆ፣ ክንዱን ዘርግቶ፣ አገጩን ወደ ኋላ ስቦ ያነባል። እማማ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት አቅቷት የሰፈር ልጅ ትጠራለች። ምስር ስትለቅም ጠጠር ያመልጣታል። የሩቁን ግን ጥርት አድርገው ያያሉ፤ ከማዶ የሚመጣው የማን በሬ እንደሆነ ይነግሯችኋል። ለዚህ ነው ማንም «ዓይኔን አመመኝ» ብሎ ሐኪም ቤት የማይመጣው።

በሽታ አይደለም፣ ከማንበብ ብዛትም አይመጣም። ቡዳም አይደለም። መነጽር ማድረግ «ዓይን ያሰንፋል» የሚለው ወሬም ውሸት ነው፤ ሌንሱ መነጽር ብታደርጉም ባታደርጉም በራሱ ጊዜ ይደድራል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ ለዚህ ችግር የሚሆን መነጽር ያላገኙ ሰዎች ቁጥር 826 ሚሊዮን ይደርሳል። ቁጥሩ ሲበዛ ትርጉሙ ይጠፋብናል፤ ስለዚህ አንድ ምሳሌ ልጨምር። ሕንድ አሳም ውስጥ ዕድሜያቸው 40 እና ከዚያ በላይ ለሆነ ሻይ ቅጠል ለቃሚዎች የቅርብ መነጽር ተሰጥቶ የተሠራ ጥናት በ2018 እ.ኤ.አ. ታትሟል። መነጽር ያገኙት ካላገኙት ጋር ሲነጻጸሩ የሚለቅሙት መጠን 22 በመቶ ገደማ በልጦ ጨመረ። ያው ዓይን፣ ያው እጅ፣ ያው ማሳ። ልዩነቱ ፊት ላይ ያለች ብርጭቆ ናት። ጤፍና ምስር የሚለቅሙት የእኛ እናቶች በምን ይለያሉ?

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። ማየት የቀነሰው በድንገት ከሆነ፣ በአንድ ዓይን ብቻ ከሆነ፣ ሕመም ወይም መቅላት ካለው፣ በመብራት ዙሪያ ቀስተ ደመና የመሰለ ክብ ከታየ፣ ወይም ሰውየው ስኳር ካለበት፣ መነጽር ፍለጋ ከመሄዳችሁ በፊት ዓይን ሐኪም ጋ ሂዱ። ሞራ አለ፣ ግላኮማ አለ። በእኛ ክልል ደግሞ ትራኮማ ገና አልለቀቀንም፤ ሽፋሽፍት ወደ ውስጥ ታጥፎ ብሌን እየወጋ ከሆነ መነጽር ምንም አይሠራም፣ በትንሽ ቀዶ ሕክምና ነው የሚስተካከለው። በወረንጦ እየነቀላችሁ አትቆዩ።

አሁን ወደ መጽሐፉ ልምጣ።

«ለጤና የሚሆን መጽሐፍ» ስትሉኝ ብዙዎቻችሁ የምታስቡት በመንገድ ዳር ተደርድሮ የሚሸጠውን «ስኳርን ያለ መድኃኒት»፣ «ደም ግፊት ደህና ሰንብት» ዓይነት ርዕስ መሆኑን አውቃለሁ። አልመክርም። ብርቱ ሐሳቤን ልናገር፦ ልብ ወለድ አንብባችሁ ብትሳሳቱ የሚቀጣችሁ የለም፣ እንደዚህ ዓይነት መጽሐፍ አምናችሁ ብትሳሳቱ ግን የምትከፍሉት በኩላሊት፣ በዓይን፣ አንዳንዴም በነፍስ ነው። ኢንሱሊን የሚወስድ ልጅ መድኃኒቱን ቢያቆም በቀናት ውስጥ ራሱን ስቶ ሊመጣ ይችላል። ግፊት ደግሞ ስለማያምም «ይኸው ክኒኑን ትቼ ምንም አልሆንኩም» ያሰኛል፣ እስከ ስትሮኩ ቀን ድረስ። ጓደኛችሁ በቅንነት «ይቺን አንብባት፣ ሕይወቴን ቀይራዋለች» ብሎ ሲሰጣችሁ ደራሲው መድኃኒት አቁሙ ይላል ወይ ብላችሁ እዩ። የሚል ከሆነ መጽሐፉን ዝጉት። ለጓደኛችሁም ንገሩት፣ አይቀየማችሁም።

ሌላው የሚዞረው ወሬ «መጽሐፍ ማንበብ ዕድሜ ይጨምራል» የሚለው ነው። መነሻ አለው። የዬል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 3,635 ዕድሜያቸው ከ50 በላይ የሆኑ አሜሪካውያንን ለ12 ዓመት ተከታትለው በ2016 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት መጽሐፍ አንባቢዎች ከማያነቡት ወደ ሁለት ዓመት ገደማ ቆይተው ተገኝተዋል። ጥሩ። ግን ቆም ብላችሁ አስቡ፦ መጽሐፍ የሚያነብ ሰው ማን ነው? የሚያይ፣ የተማረ፣ ጊዜ ያለው፣ አእምሮው ደህና የሆነ። ተመራማሪዎቹ ይህን በሒሳብ ለመለየት ሞክረዋል፣ ሙሉ በሙሉ መለየት ግን አይቻልም። ስለዚህ ዕድሜ ለማስረዘም ብላችሁ አታንቡ። ካልጣፈጣችሁ አስቀምጡት፣ ሌላ አንሱ።

ማታ በስልክ ማንበብን በተመለከተ ደግሞ አንዲት ትንሽ ጥናት አለች። 12 ሰዎች ብቻ ናቸው፣ ግን ሆስፒታል ውስጥ በጥንቃቄ የተሠራች ናት። በሚያበራ ስክሪን ያነበቡት በወረቀት ካነበቡት ይልቅ ለመተኛት 10 ደቂቃ ያህል ዘገዩ፣ የእንቅልፍ ሆርሞናቸውም አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ወደ ኋላ ገፋ። እውነቱን ለመናገር እኔን የሚያሳስበኝ ብርሃኑ ብቻ አይደለም። ስልክ ላይ አንድ ምዕራፍ ሳትጨርሱ ሦስት መልእክት ይገባል። ፒዲኤፍ የምትሉትም፣ ደራሲው የማያውቀው ከሆነ፣ ስርቆት ነው። ተውኩት፣ ሌላ ቀን እጽፍበታለሁ።

እና ምን ላንብብ ካላችሁ፣ እኔ መጀመሪያ የምጠቁመው «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ነው። «አንብበነዋልኮ» ትሉኛላችሁ። ስንቶቻችሁ? በትምህርት ቤት የተቆረጠ ምንባብ ሳይሆን ከዳር እስከ ዳር? ክቡር ዶክተር ሐዲስ አለማየሁ በ1958 ዓ.ም ያሳተሙት ይህ መጽሐፍ ታሪኩ ከሚገኝባቸው ቦታዎች አንዱ ዲማ ጊዮርጊስ፣ ቢቸና አካባቢ ያለው ነው። የየጥኖራ፣ የቢቸና፣ የሞጣ ልጅ ሲያነበው የራሱን አያት ንግግር ይሰማበታል።

ሐኪም ሆኜ ሳነበው ደግሞ ዓይኔ ጉዱ ካሣ ላይ ይቀራል። ሰውየው አስተዋይ ነው፣ የዘመኑን ሥርዓት ግፍ አይቶ ይናገራል። ሰዉ ምን አለው? «አብዷል» አለው። ስሙን ሳይቀር «ጉዱ» አሉት። አንድን ሰው «እብድ» ካልን በኋላ የሚናገረው ሁሉ እንዴት ዋጋ እንደሚያጣ በአማርኛ ከዚህ የተሻለ የሚያሳይ ጽሑፍ አላውቅም። የአእምሮ ሕሙማንን ስለማግለል ስልጠና ስሰጥ የማነሳው እሱን ነው። ከስላይድ ይበልጣል።

የሕክምናን ዓለም በልብ ወለድ ማየት ለምትፈልጉ፣ እንግሊዝኛ የምታነቡ ከሆነ፣ አዲስ አበባ የተወለደው ሐኪም አብርሃም ቨርጌስ የጻፈው «ከቲንግ ፎር ስቶን» አለ፤ ታሪኩ አዲስ አበባ ባለ ሆስፒታል ነው፣ የፊስቱላ ሕክምናም አለበት። የማዓዛ መንግሥቴ የመጀመሪያ ልብ ወለድም ዋና ባለታሪኩ በአብዮቱ ዘመን የኖረ ሐኪም ነው። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ»ም በእንግሊዝኛ ስለወጣ ውጭ አገር ላሉ ልጆቻችሁ ስጧቸው። እኔ አሁን የያዝኩት የአዳም ረታን «የስንብት ቀለማት» ነው። ወፍራም ነው፣ ደረቴ ላይ አድርጌ ሳነብ ይከብደኛል፤ አልቸኩልም።

ዓይናቸው በመነጽር ለማይስተካከል አባቶችና እናቶች ደግሞ ጆሮ አለ። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ የተረከው «ፍቅር እስከ መቃብር» ዛሬም ይገኛል። ስልክ ላይ ጭናችሁ ስጧቸው። ማታ አንድ ክፍል፣ ከእራት በኋላ፣ ቤተሰቡ ባለበት።

ለበዓል አባይን ተሻግራችሁ ወደ አገር ቤት የምትወርዱ፣ ከሻንጣችሁ ውስጥ ሁለት ሦስት የንባብ መነጽር ጨምሩ። ዕድሜው 45 አካባቢ ለሆነ +1.00 ወይም +1.25፣ 50ዎቹን ለያዘ +1.50 እስከ +2.00፣ ከ60 በላይ ለሆነ +2.50 ይዛችሁ ሂዱ። በረንዳ ላይ፣ በቀን ብርሃን፣ ከዓይናቸው 40 ሳንቲ ሜትር ያህል አርቀው ጽሑፍ እንዲይዙ አድርጉ። ከዝቅተኛው ጀምሩ፣ ያለ ጭንቀት ያነበቡበት ላይ አቁሙ። በየትኛውም ካልጠራላቸው ወይም አንዱ ዓይን ከሌላው በጣም ከተለየ ወደ ዓይን ክሊኒክ ውሰዷቸው። ለማንበቢያ የሚወዱትን ይያዙ፤ ውዳሴ ማርያም ይሁን፣ ቁርኣን ይሁን፣ የልጅ ልጅ ደብተር ይሁን፣ እናንተ አትምረጡላቸው።

መጀመሪያ ምን እንዳነበቡ ኮመንት ላይ ጻፉልኝ። ስለ ልጆች መነጽር የጠየቃችሁኝ ወላጆች፣ ጥያቄያችሁ ብዙ ስለሆነ በሚቀጥለው ሳምንት ለብቻው እመለስበታለሁ።