ኮሌራን ኮሌራ ማለት

ወረርሽኝ ባለፈ ቍጥር ከአገራችን አንድ ዐይነት መግለጫ ይደርሰናል። ይህን ያህል መድኃኒት ተላከ፤ ይህን ያህል ባለሙያ ዘመተ፤ በሽታውም በቍጥጥር ሥር ዋለ ይባላል። እኛ ግን ሥራው የሚመዘነው በከንቱ ባለፉት ቀኖች ቍጥር ነው እንላለን። የመጀመሪያው ሰው ከታመመ በኋላ በሽታው በስሙ እስኪጠራ ስንት ቀን አለፈ? ከዚያስ ርዳታው እስኪደርስ?

በ1998 ዓ.ም. በጋምቤላ ተነሥቶ ወደ ሌሎች ክፍሎች የተዛመተው፣ በ2008 ዓ.ም. አዲስ አበባን ያስጨነቀው፣ በ2009 ዓ.ም. በድርቅ በተጎዳው የሶማሌ ክልል ሕዝብ ላይ የወረደው በሽታ፣ ኮሌራ መሆኑ በየሰዉ አፍ እየተነገረ፣ በመግለጫ ላይ «አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት» ሲባል ኖረ። በኋላም ዐጥሮ «አተት» ሆነ። እኛም ነፃ አይደለንም፤ በጥናት ጽሑፎቻችን ቃሉን እንዳለ ገልብጠነዋል።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላል ያገራችን ሰው። ኮሌራ ርዳታ ያላገኘን ሰው በጥቂት ሰዓት ሊገድል ይችላል። ሕይወት አድን ንጥረ ነገር በንጹሕ ውሃ ተበጥብጦ በጊዜ ከተሰጠ ግን ከ100 በሽተኞች 1 እንኳ ሊሞት አይገባም። ከዚህ በላይ ሲሞት ጥፋተኛው ተሐዋሲው ብቻ አይደለም።

የደባቂዎቹ ፍርሃት ከንቱ ነው አንልም። በ1990 ዓ.ም. የአውሮፓ ኅብረት በኮሌራ ምክንያት ከኬንያ፣ ከኡጋንዳ፣ ከታንዛኒያና ከሞዛምቢክ ትኩስ ዓሣ እንዳይገባ ከልክሎ ነበር፤ የተጎዳውም ድኻው ዓሣ አጥማጅ ነው። እውነት የተናገረ አገር የሚቀጣበትን ገበያ በምንማርባቸው ከተሞች ፊት ለፊት መንቀፍ የእኛ ድርሻ ነው። ነገር ግን ገዢ እንዳይሸሽ ተብሎ፣ የወንዝ ውሃ የሚጠጣው ገበሬ የሚገድለውን ሳያውቅ ሊሞት አይገባም።

ነገሩ ተሻሽሏል፤ ይህንም አንክድም። በ2011 ዓ.ም. ኮሌራ በስሙ ተጠራ። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. በባሌ ሲነሣም እንዲሁ። በኅዳር 2018 ዓ.ም. በጂንካ ማርበርግ ሲገኝ ስሙ ሳይሸሸግ ለዓለም ተነገረ። የባሌው ወረርሽኝ ግን በስሙ ቢጠራም ወደ ሌሎች ክልሎች ተዛምቶ ከዓመት በላይ ቆየ። ስም መጥራት የጕድጓድ ውሃ አያወጣም፤ መጸዳጃም አይቈፍርም።

ዛሬ የጤና ባለሙያዎች 7-1-7 የሚሉት ሚዛን አለ፤ ወረርሽኙ በ7 ቀን እንዲታወቅ፣ በ1 ቀን ለበላይ እንዲነገር፣ በ7 ቀን የመጀመሪያዎቹ የመከላከል ሥራዎች እንዲጠናቀቁ ነው። እነዚህ ቀኖች ለእያንዳንዱ ወረርሽኝ በየወረዳው ተቈጥረው፣ ሕዝቡ በሚሰማው ቋንቋ ይታተሙ እንላለን። ግምገማውም በሆቴል አዳራሽ በሹማምንት መካከል ብቻ አይለቅ። የመጀመሪያውን በሽተኛ ያየችው የገጠር ጤና ሠራተኛ ከጉባኤው ፊት ትቀመጥና መቼ እንዳየች፣ ለማን እንደነገረች፣ መልሱ በስንት ቀን እንደደረሳት ትናገር።