የመኪና ማቆሚያ ቅጣት፤ ይከፈል ወይስ ይሞገት?

እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር ወር 1960 በለንደን ከተማ የመኪና ማቆሚያን ሥርዓት የሚጠብቁ ተቆጣጣሪዎች ለመጀመሪያ ጊዜ በየጎዳናው ተሰማሩ። የመጀመሪያውን የቅጣት ወረቀት የተቀበሉት ዶክተር ቶማስ ክሬይተን የተባሉ ሐኪም ነበሩ። እኚህ ሰው በአንድ ሆቴል ውስጥ ድንገተኛ የልብ ሕመም ለደረሰበት ሰው ርዳታ ለመስጠት ተጠርተው በጥድፊያ ሲገቡ ፎርድ መኪናቸውን ደጃፉ ላይ ትተውት ነበር። ሕመምተኛውን ሲረዱ ቆይተው ሲወጡ የ2 ፓውንድ ቅጣት ጠበቃቸው። ነገሩ በተሰማ ጊዜ ሕዝቡ እጅግ በመቆጣቱ ቅጣቱ ተነሣላቸው።

ከዚያ ወዲህ ከ60 ዓመት በላይ አልፏል። ይሁን እንጂ ያን ዕለት የተነሣው ጥያቄ ዛሬም በየዕለቱ በብዙ አሽከርካሪዎች ፊት ይደቀናል። በመኪናው የፊት መስታወት ላይ የቅጣት ወረቀት ተለጥፎ ያገኘ ወይም በፖስታ የደረሰው ሰው ከፍሎ ይገላገል? ይሟገት? ወይስ ወረቀቱን ጥሎ ዝም ይበል? በለንደን በታክሲና በዕቃ ማመላለስ ሥራ ከሚተዳደሩት አሽከርካሪዎች መካከል የአገራችን ልጆች ጥቂት አይደሉም። ለእነዚህ ሰዎች አንድ የቅጣት ወረቀት የአንድ ቀን እንጀራ ነው፤ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ ይበልጣል። በዚህም ምክንያት ጉዳዩን በዝርዝር መመልከት ተገቢ ሆኖ አግኝተነዋል።

በቅድሚያ ግልጽ መሆን ያለበት ነገር አለ። የመኪና ማቆሚያ ደንብ አሽከርካሪን ለማንገላታት ብቻ የተፈጠረ አይደለም። ጎዳና የሁሉም ሀብት ነው። በአውቶቡስ ማቆሚያ ላይ የቆመ አንድ መኪና ተሳፋሪዎችን ወደ መሐል መንገድ ያስወርዳል። ለአካል ጉዳተኛ የተከለለውን ቦታ የያዘ ጤነኛ ሰው ሌላውን ከጉዳዩ ያስቀረዋል። በትምህርት ቤት በር ላይ የቆመ መኪና መንገድ የሚያቋርጠውን ሕፃን ከሹፌር ዓይን ይሰውራል። ስለሆነም ጥፋቱን በሚገባ እያወቀ «እስቲ ልሞክረው» በማለት ብቻ የሚሟገተውን ሰው አንደግፍም። የእርሱ ሐሰተኛ አቤቱታ እውነተኛው አቤቱታ የሚሰማበትን ጊዜ ይሻማልና።

ይህን ካልን በኋላ «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» እንዲሉ አሽከርካሪው ወረቀቱን ሲቀበል በመጀመሪያ ሊጠይቅ የሚገባው «ስንት ነው?» ብሎ ሳይሆን «ማን ነው የላከው?» ብሎ ነው። በእንግሊዝ አገር መልካቸው ተመሳሳይ፣ ሕጋቸው ግን የተለያየ ሁለት ዓይነት ወረቀቶች አሉ። አንደኛው በመንግሥት ሕግ ሥልጣን የተሰጠው ማዘጋጃ ቤት የሚያወጣው ሲሆን «ፔናልቲ ቻርጅ ኖቲስ» ይባላል። ሁለተኛው የገበያ አዳራሽን፣ የሆስፒታልን ወይም የሌላ የግል ይዞታን ማቆሚያ የሚጠብቅ ኩባንያ የሚልከው ሲሆን «ፓርኪንግ ቻርጅ ኖቲስ» ይባላል። ሁለቱም በአጭሩ «ፒ.ሲ.ኤን.» ተብለው ይጠራሉ። የመጀመሪያው በሕግ የተጣለ ቅጣት ነው። ሁለተኛው ግን ኩባንያው «በማስታወቂያ ሰሌዳዬ ላይ የጻፍኩትን ውል አፍርሰሃል» በማለት የሚጠይቀው ገንዘብ ነው። በሦስት ፊደላት መመሳሰል ምክንያት ብዙ ሰው የማይፈራውን ሲፈራ፣ መናቅ የሌለበትንም ሲንቅ ይታያል።

የማዘጋጃ ቤቱን ቅጣት በተመለከተ የሕጉ መንገድ እንደሚከተለው ነው። ቅጣቱ በ28 ቀን ውስጥ መከፈል አለበት። በመጀመሪያዎቹ 14 ቀናት ለከፈለ ግማሹ ይቀነስለታል። ቅጣቱ አይገባኝም የሚል ሰው በመጀመሪያ ለራሱ ለማዘጋጃ ቤቱ ይጽፋል። በ14 ቀን ውስጥ ከጻፈ፣ ጥያቄው ተቀባይነት ባያገኝ እንኳ አብዛኞቹ ማዘጋጃ ቤቶች በግማሽ ዋጋ የመክፈሉን ዕድል እንደገና ይሰጡታል። ካልከፈለ ለመኪናው ባለቤት መደበኛ ማስታወቂያ ይላካል፤ ባለቤቱም በ28 ቀን ውስጥ መደበኛ አቤቱታ ያቀርባል። ማዘጋጃ ቤቱ በ56 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት ይገባዋል። መልሱ እምቢታ ከሆነ ባለቤቱ በ28 ቀን ውስጥ ነፃ ወደ ሆነው የይግባኝ ጉባኤ ሊሄድ ይችላል። የለንደኑ ጉባኤ «ለንደን ትራይቡናልስ»፣ ከለንደን ውጭ በእንግሊዝና በዌልስ ያለው ደግሞ «ትራፊክ ፔናልቲ ትራይቡናል» ይባላል። ይግባኙን የሚያዩት የሕግ ባለሙያዎች ናቸው፤ ይግባኝ ለማቅረብም ክፍያ አይጠየቅም።

በወረቀት ላይ ሲታይ ይህ ሥርዓት የሚያስመሰግን ነው። ችግሩ ያለው በቅናሹ ላይ ነው። በለንደን ከፍተኛው ቅጣት ከኤፕሪል ወር 2025 ጀምሮ 160 ፓውንድ ደርሷል። ቶሎ የከፈለ 80 ፓውንድ ከፍሎ ይሄዳል። እስከ ይግባኝ ጉባኤው ድረስ ሄዶ የተረታ ግን እንደ ደንቡ ሙሉውን 160 ፓውንድ ይከፍላል። እንግዲህ ንጹሕ መሆኑን የሚያምን፣ ነገር ግን የቋንቋም ሆነ የሕግ ችሎታው የሚያስፈራው አንድ የታክሲ ሹፌር ምን ያደርጋል? ባልሠራው ጥፋት 80 ፓውንድ ከፍሎ ወደ ሥራው ይመለሳል። ቅናሹ ለአጥፊው ምሕረት ነው፤ ላላጠፋው ግን የዝምታው ዋጋ ሆኖበታል። እኛ የምንቃወመው ቅናሽ መኖሩን አይደለም። የምንቃወመው መብቱን በቅን ልቡና የጠየቀ ሰው፣ በመጠየቁ ብቻ ከአጥፊው ሁለት እጥፍ እንዲከፍል መደረጉን ነው።

በሌላ በኩል ወረቀቱን ቀድዶ በመጣል ነገሩ የሚረሳ የሚመስላቸው አሉ። አባቶቻችን «ዝም አይነቅዝም» ብለዋል። በዚህ ጉዳይ ግን ዝምታ ይነቅዛል። መደበኛው ማስታወቂያ ደርሶት በ28 ቀን ውስጥ ያልከፈለም ያልተከራከረም ሰው ዕዳው በግማሽ ይጨመርበታል። ከዚያም 14 ቀን ካለፈ ጉዳዩ በፍርድ ቤት እንደ ዕዳ ይመዘገባል፤ በመጨረሻም የፍርድ አስፈጻሚዎች ክፍያቸውን ጨምረው ከደጁ ይቆማሉ። ከእነዚህ ሰዎች ብዙዎቹ ለመከራደር የሚያበቃ በቂ ምክንያት የነበራቸው፣ ነገር ግን የመኖሪያ አድራሻቸውን በመኪናው መዝገብ ላይ ባለማሳደሳቸው ማስታወቂያው ያልደረሳቸው ናቸው። ቤት የለወጠ አሽከርካሪ ከሁሉ አስቀድሞ ይህን ሊያስታውስ ይገባል።

የግል ኩባንያዎችን ወረቀት በተመለከተ አንድ ያረጀ ምክር በሰው አፍ ይዞራል። «ይህ ቅጣት አይደለም፤ ናቀው» ይላሉ። ይህ ምክር በአንድ ወቅት መሠረት ነበረው። ቀድሞ ኩባንያው መኪናውን ማን እንዳቆመው ካላወቀ የሚከሰው ሰው ለማግኘት ይቸገር ነበር። ነገር ግን ከኦክቶበር 1 ቀን 2012 ጀምሮ የጸናው ሕግ በእንግሊዝና በዌልስ በአንድ በኩል በግል ይዞታ ላይ ያለሕግ ሥልጣን መኪናን በብረት መቆለፍን ሲከለክል፣ በሌላ በኩል የተወሰኑ ሁኔታዎች ከተሟሉ አሽከርካሪው ባይታወቅም በስሙ መኪናው የተመዘገበለት ሰው እንዲጠየቅ አደረገ። ከሁኔታዎቹ አንዱ፣ በመኪናው ላይ ወረቀት ሳይለጠፍ በካሜራ ብቻ የተያዘ ጉዳይ ሲሆን ማስታወቂያው በ14 ቀን ውስጥ ለባለ መኪናው መድረስ ያለበት መሆኑ ነው። ስለዚህ በፖስታው ላይና በደብዳቤው ውስጥ ያሉትን ቀኖች መቁጠር ከንቱ ድካም አይደለም።

ከዚህም ሌላ የባሪ ቢቪስ ጉዳይ አለ። ይህ ሰው በቼምስፎርድ ከተማ ለሁለት ሰዓት ያለክፍያ ማቆም በሚፈቀድበት የገበያ ማቆሚያ 56 ደቂቃ በማሳለፉ 85 ፓውንድ ተጠየቀ። «ኩባንያው ምንም ሳይጎዳበት ይህን ያህል መጠየቁ መቀጫ እንጂ ካሣ አይደለም» በማለት እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ተሟገተ። በኖቬምበር 2015 ከሰባቱ ዳኞች ስድስቱ ፈረዱበት። ሰሌዳው ግልጽና ትልቅ እንደነበረ፣ ቦታው በአግባቡ ለብዙ ደንበኞች እንዲዳረስ ማድረግም ተገቢ ጥቅም እንደሆነ ፍርድ ቤቱ ገለጸ። «በሬ ሆይ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ» የተባለው ያለክፍያ የሚቆምበትን ቦታ አይቶ ሰሌዳውን ሳያነብ ለሚገባ ሰው ጭምር ነው። ይሁን እንጂ ያው ፍርድ ለተሟጋቾች በር ትቷል። ሰሌዳው በጨለማ የማይነበብ፣ በቅርንጫፍ የተሸፈነ ወይም ቃሉ ግልጽ ያልሆነ ከሆነ ክርክሩ ሌላ ነው።

በግል ኩባንያ ጉዳይ አሽከርካሪው መጀመሪያ ለኩባንያው፣ ቀጥሎም ኩባንያው አባል የሆነበት ማኅበር ላቋቋመው የይግባኝ አካል ያመለክታል። ከሁሉ የከፋው ስሕተት ግን ከካውንቲ ፍርድ ቤት የመጣን ክስ ከኩባንያው የማስፈራሪያ ደብዳቤ ጋር አንድ አድርጎ መጣል ነው። መልስ ያልተሰጠበት ክስ በሌለበት ያስፈርዳል። ፍርዱ በአንድ ወር ውስጥ ካልተከፈለ ለስድስት ዓመት በመዝገብ ላይ ይቆያል፤ ቤት ለመከራየት ወይም ብድር ለማግኘት ለሚፈልግ ሰው ይህ ከ100 ፓውንድ የከበደ ቅጣት ነው።

ታዲያ መሟገት የሚገባው መቼ ነው? ምልክቱ ያልነበረ ወይም የተሳሳተ ሲሆን፣ ክፍያው ተከፍሎ ሳለ በመኪናው ቁጥር ላይ አንድ ፊደል ብቻ ስትሳሳት፣ ዕቃ በሕጋዊ መንገድ ሲራገፍ፣ መኪናው ቀደም ሲል ተሽጦ ሳለ፣ መኪናው ተሰርቆ ሳለ፣ ቀኑ ወይም ቦታው ተሳስቶ ሲጻፍ ነው። በእንግሊዝ ከኤፕሪል 6 ቀን 2015 ጀምሮ ማቆም በተፈቀደበት የማዘጋጃ ቤት ቦታ የተከፈለበት ጊዜ ካለቀ በኋላ 10 ደቂቃ ሳያልፍ መቅጣት አይቻልም። ይህ የ10 ደቂቃ ትዕግሥት ግን በቢጫ መሥመር ላይ ለቆመ መኪና አይሠራም።

ማስረጃ የሚሰበሰበው በዚያው ቀን በዚያው ቦታ ነው። ሰሌዳውን፣ መሥመሩን፣ መኪናውን፣ የክፍያ ደረሰኙን ፎቶግራፍ ማንሳት ከረዥም የቁጣ ደብዳቤ ይበልጣል። ደብዳቤውም አጭርና ትሕትና ያለው ይሁን። ከ1689 ዓ.ም. የእንግሊዝ የመብት ድንጋጌ ላይ አንቀጽ እየጠቀሱ «ያለ ፍርድ ቅጣት የለም» የሚሉ ሰዎች ነበሩ፤ ፍርድ ቤቶች አልተቀበሏቸውም። ሌላም ሊታወቅ የሚገባው ነገር አለ። ጥፋቱ ቢኖርም አሳዛኝ ምክንያት ያለው ሰው፣ ልጁ ድንገት የታመመበት ወይም ራሱ ሕመም የያዘው፣ ይህንን ምክንያት ከነሐኪሙ ወረቀት ለማዘጋጃ ቤቱ ማስረዳት አለበት። ማዘጋጃ ቤቱ በፈለገበት ደረጃ ቅጣቱን የመሠረዝ ሥልጣን አለው። የይግባኝ ጉባኤው ግን በርኅራኄ ምክንያት ብቻ ቅጣት ሊሠርዝ አይችልም፤ ማዘጋጃ ቤቱ እንደገና እንዲያስብበት ሐሳብ ከማቅረብ አያልፍም። ለርኅራኄ የሚቀርብ ነገር ለሕግ ጉባኤ ተቆጥቦ ከቆየ ይባክናል።

የአስተዳደር ክፍሎችም ሊሰሙት የሚገባ ነገር አለ። በለንደን የባርኔት ማዘጋጃ ቤት የነዋሪዎችን የማቆሚያ ፈቃድ ዋጋ ከፍ ባደረገ ጊዜ ዴቪድ አትፊልድ የተባሉ ነዋሪ ከሰሱት። በ2013 ከፍተኛው ፍርድ ቤት ማዘጋጃ ቤቱ በዚያ ሕግ አማካይነት ገቢ ለማሰባሰብ ዋጋ መጨመሩ ሕገ ወጥ ነው ሲል ፈረደ። የማቆሚያ ሕግ የትራፊክ ሕግ እንጂ የግብር ሕግ አይደለምና። ይህ ፍርድ የተገኘው ከባለሥልጣናት ፈቃድ ሳይሆን አንድ ነዋሪ «ይህ አይገባም» ብሎ በመጠየቁ ነው።

በአገራችን ልማድ መንገደኛ እንኳ «በሕግ አምላክ!» ሲል ባለጉልበቱ እጁን ይሰበስብ ነበር። የቃሉ ኃይል ጠያቂው በመጠየቁ ተጨማሪ ዋጋ ስለማይከፍል ነበር። የለንደኑም ይግባኝ ይህን ኃይል ሊያገኝ ይገባዋል። በቅን ልቡና እስከ ጉባኤው የተሟገተ ሰው ቢረታ እንኳ ከቅናሹ ቢያንስ ከፊሉ ሊጠበቅለት፣ ማስታወቂያዎችም ቋንቋውን በቅጡ ለማያውቅ ሰው በሚገባ ቀላል አገላለጽ ሊጻፉ ይገባል እንላለን።

እስከዚያው ድረስ በዚያ አገር ለሚያሽከረክሩ ወገኖቻችን የምንሰጠው ምክር አጭር ነው። ወረቀቱን በደረሰበት ቀን አንብቡት፤ ላኪውን ለዩ፤ ቀኑን ቁጠሩ። ጥፋቱ የእናንተ ከሆነ በ14 ቀን ውስጥ ከፍላችሁ ተገላገሉ። ካልሆነ ማስረጃችሁን ይዛችሁ ጠይቁ። ዶክተር ክሬይተን ቅጣታቸው የተነሣላቸው ሕዝብ ስለጮኸላቸው ነው። ዛሬ ለእያንዳንዱ ሹፌር የሚጮህ ሕዝብ የለም፤ ስለዚህ አቤቱታውን በጊዜው መጻፍ የራሱ ተግባር ነው።