ለበግ ዋስ የምንጠራ ሰዎች ለሌንስ ለምን ዝም እንላለን?

ባለፈው ሳምንት ከላይብረሪ ስወጣ አንድ የአንደኛ ዓመት ተማሪ አስቆመኝና «እህቴ፣ ሌንስሽን ልትሸጪው ነው ሲሉ ሰማሁ። ኦርጅናል ነው?» አለኝ። «አዎ፣ ኦርጅናል ነው» ብዬ መለስኩለት። አልዋሸሁም። ሌንሱ እውነተኛ የካነን 55-250 ነው። ይሁን እንጂ ልጁ «እስከ ዓርብ ብር እፈልጋለሁ» ብሎ ከሄደ በኋላ እንቅልፍ አጣሁ። ምክንያቱም እሱ መጠየቅ የነበረበትን አልጠየቀኝም፤ እኔም መናገር የነበረብኝን አልነገርኩትም። ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ የተነሳሁት በዚህ የተነሳ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ሴሚስተር የፎቶ ጋዜጠኝነት ኮርስ ስንጀምር ካሜራ የሚደርሰን በተራ ነበር። እኔ እንደ ዕድል ሆኖ ወንድሜ የተጠቀመበትን 600ዲ ካሜራ ከነትንሹ ሌንሱ ሰጥቶኛል። የመጨረሻውን የኮርስ ሥራ ግን አንኮበር መንገድ ላይ የሚገኙትን ጭላዳ ዝንጀሮዎች ለማንሳት አሰብኩ። ጭላዳ ደግሞ በአሥራ ስምንት ሚሊ ሜትር ሌንስ ሲነሳ ድንጋይ ይሁን እንስሳ አይለይም። ስለዚህ እናቴ ለበዓል ያደለበቻቸውን ሁለት በጎች ሸጣ ብሩን ሰጠችኝ።

ብሩን ይዤ ከደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዤ አዲስ አበባ ገባሁ። ከሁለት ሦስት ቦታ ዋጋ ጠየቅሁ። በመጨረሻ አንድ ሻጭ ከሌሎቹ በሲሶ ያነሰ ዋጋ ጠራልኝ። ሌንሱን አገላብጬ ሳየው ከኋላ፣ ከካሜራው ጋር በሚገጥምበት በኩል፣ ሲሪያል ቁጥሩ ተፍቋል። «ይሄ ምንድነው?» ስለው ሳቅ ብሎ «ከዱባይ በሻንጣ የገባ ነው እህቴ፣ ግሬይ ነው። ግሬይ ዕቃ ላይ ቁጥር ይፋቃል፣ ለዛ እኮ ነው የረከሰው» አለኝ። አመንኩት። እውነቱን ለመናገር ማመን ፈልጌ ነው ያመንኩት። ደረሰኝ የለ፣ ስም የለ፣ ተጨባብጠን ተለያየን።

ቤት ስደርስ እናቴ ስለ ጥራቱም ስለ ዋጋውም አልጠየቀችኝም። «ዋሱ ማነው?» ነው ያለችኝ። «እማዬ፣ ሌንስ እኮ በግ አይደለም» ብዬ ሳቅሁባት።

ፎቶዎቹ ጥሩ ወጡ። ጉሙ ከቆላው ሲወጣ፣ ጭላዳዎቹ ገደሉ አፋፍ ላይ ተቀምጠው ሣር ሲነጩ አነሳኋቸው። ፎቶዎቹን ላሳትም ከተማችን ውስጥ ወደሚገኝ ፎቶ ቤት ስሄድ ግን ባለቤቱ ሌንሱን ተቀብለው አገላበጡና «ይሄን ማን ፋቀው?» አሉኝ። የሻጩን ቃል ደገምኩላቸው። ዝም ብለው ቆዩና «ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል። እኔም አምና ሠርግ ስሠራ ሦስት ሌንስ ከነቦርሳው ተሰርቆብኛል። የኔዎቹም ይሄኔ የሆነ ቦታ ግሬይ ሆነው ይሆናል» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ ሌንስ እጄ ላይ ከበደኝ።

እንደ እኔ እምነት የስህተታችን ሁሉ ምንጭ አራት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ከረጢት መክተታችን ነው። እነዚህም ግሬይ፣ ኮንትሮባንድ፣ ፎርጅድና የተሰረቀ ናቸው።

ግሬይ ማርኬት የሚባለው እውነተኛ የፋብሪካ ዕቃ ሆኖ ኩባንያው ለዚያ አገር በወከለው አከፋፋይ በኩል ሳያልፍ የገባ ነው። ዱባይ ወይም ሆንግ ኮንግ በርካሽ ተገዝቶ ሌላ አገር ሲሸጥ ማለት ነው። ቀረጡ ተከፍሎበት በሕጋዊ መንገድ የገባ ግሬይ ዕቃ ሊኖር ይችላል። ኮንትሮባንድ ግን የጉምሩክ ጉዳይ ነው፤ ዕቃው ከጉምሩክ ተደብቆ ገብቷል ማለት ነው። ፎርጅድ ከነጭራሹ ፋብሪካው ያልሠራው ነው። የተሰረቀ ደግሞ ባለቤት ያለው ዕቃ ነው። ሻጩ «ግሬይ ነው» ሲለኝ የመጨረሻውን ጥያቄ በመጀመሪያው ስም ሸፈነልኝ፤ እኔም አሸፋፈንኩት።

ለፍትሐዊነት ያህል ግሬይ ንግድ በራሱ ኃጢአት ነው ብዬ አልከራከርም። ሱፓፕ ኪርትሳንግ የተባለ የታይላንድ ተወላጅ አሜሪካ ሲማር ዘመዶቹ ታይላንድ ውስጥ በርካሽ የታተሙ የትምህርት መጻሕፍት እየገዙ ይልኩለት፣ እሱም እዚያ ይሸጣቸው ነበር። አሳታሚው ዋይሊ ከሰሰው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2013 በስድስት ለሦስት ድምፅ ለተማሪው ፈረደ፤ በሕጋዊ መንገድ የተሠራን መጽሐፍ የገዛ ሰው፣ መጽሐፉ ውጭ አገር ቢታተምም መልሶ መሸጥ ይችላል በማለት። በእኛም አገር የውጭ ምንዛሪ እጥረት ለዓመታት ነጋዴውን ሲፈትን ኖሯል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ሲለቅ አንድ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ታዲያ ተማሪ አዲስ ዕቃ በምን አቅሙ ይገዛል? በሻንጣ የመጣውን፣ ያገለገለውን ይፈልጋል። ይህን ማንም ሊነቅፈው አይገባም።

እንዲያውም ያገለገለ ካሜራ መሸጥና መግዛት በአገራችን አዲስ አይደለም። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ በነጋዴነት ሐረር ሳለ ከአገሩ ካሜራ አስመጥቶ እ.ኤ.አ. በ1883 ራሱን ሳይቀር አንስቷል። ቆየት ብሎ እያዘነም ቢሆን ሳይከስር ሸጦታል። ይኸው ሰው እ.ኤ.አ. በ1887 ሁለት ሺህ የሚያህሉ ጊዜ ያለፈባቸው ጠመንጃዎች ለንጉሥ ምኒልክ ሊሸጥ ጭኖ እዚሁ አንኮበር ደርሶ ነበር። ንጉሡን አንኮበር ስላላገኛቸው ወደ እንጦጦ ተጓዘ። ያገለገለ ዕቃና ሩቅ መንገድ ከጥንትም ለሸዋ እንግዳ አልነበሩም።

የግሬይ ጉዳቱ ሌላ ነው፤ ዋስትናው ነው። ዋስትና በአብዛኛው የሚሠራው ዕቃው በተሸጠበት አገር ብቻ ነው። ኒኮን ለምሳሌ በአሜሪካ በግሬይ የገባን ዕቃ በክፍያም ቢሆን አልጠግንም የሚል መመሪያ ይዞ ቆይቷል። ለእኛ ለሁለተኛ እጅ ገዢዎች ግን ይህ ብዙም አይነካንም፤ ያገለገለ ሌንስ ስንገዛ ዋስትናው ድሮ አልቋል። እኛን የሚመለከተን ዕቃው የመጣበትን አውቀን ዋጋውን በዚያ ልክ መክፈላችን ነው።

ለመሆኑ ከየት እንደመጣ እንዴት ይታወቃል? አንደኛ፣ ስሙን ማየት። የእኔው 600ዲ ካሜራ አሜሪካ ውስጥ የተሸጠው ሪብል ቲ3አይ፣ ጃፓን ውስጥ ደግሞ ኪስ ኤክስ5 ተብሎ ነው። አካሉ ላይ «ኪስ» የሚል ካለ መጀመሪያ የተሸጠው ጃፓን ነው። ሁለተኛ፣ ሜኑውን መክፈት። ለጃፓን ገበያ የተሠሩ ብዙ የሶኒ ካሜራዎች ከጃፓንኛ ሌላ ቋንቋ የላቸውም፤ ይህን ሳያይ ገዝቶ የሚቸገር ሰው አለ። ሦስተኛ፣ የዋስትና ካርዱንና የካርቶኑን ቁጥር ከዕቃው ቁጥር ጋር ማስተያየት። ነጭ ካርቶን ውስጥ ያለ «አዲስ» ሌንስ ብዙ ጊዜ ከካሜራ ጋር አብሮ ከሚሸጥበት ጥቅል ተነጥሎ የወጣ ነው። እውነተኛ ነው፣ ግን ዋጋው መቀነስ አለበት። አራተኛ፣ በቆዩ የካነን ሌንሶች ጀርባ ላይ ሁለት የላቲን ፊደልና ቁጥሮች ይገኛሉ። የመጀመሪያው ፊደል ፋብሪካውን፣ ሁለተኛው ዓመተ ምሕረቱን፣ የሚከተሉት ቁጥሮች ወሩን ይናገራሉ። «ሁለት ዓመት ብቻ ነው ያገለገለው» የሚልህን ሻጭ በዚህ ታጋልጠዋለህ። አምስተኛ፣ ስሙን በደንብ ማንበብ። የቻይናው ዮንግኑኦ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ የካነንን አሮጌ 50 ሚሊ ሜትር ቁርጥ ይመስላል። በራሱ ስም ሲሸጥ ምንም ነውር የለውም፤ በካነን ዋጋ ሲሸጥ ግን ማታለል ነው።

መስታወቱን መመርመር ደግሞ የበግ ጥርስ እንደማየት ነው፤ ሳያይ የሚገዛ የለም። የስልክ ባትሪ አብርተህ ከኋላ ወደ ፊት ተመልከት። የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ካየህ ፈንገስ ነው፣ ተወው። ከፊት ያለች ትንሽ ጭረት ፎቶ ላይ ላትታይ ትችላለች፤ ከኋላ ያለችው ግን ታስቸግራለች። የብሎኖቹ አናት ተቦርቡሮ ከሆነ ሌንሱ ተከፍቷል። የብርሃን መግቢያው ቅጠሎች ላይ ዘይት መኖር የለበትም። ግድግዳ ላይ ጋዜጣ ለጥፈህ አንሳና አራቱም ማዕዘን ጥርት ብሎ መውጣቱን አረጋግጥ። ከአንኮበር ጉም ወጥተህ ሞቃት ክፍል ስትገባም ሌንሱን ከቦርሳው ወዲያው አታውጣ፤ ውስጡ ያልበዋል፣ እርጥበት ደግሞ የፈንገስ እናት ነው።

ይህን ሁሉ ማወቅ ጥሩ ነው። የተፋቀ ቁጥር ሲያጋጥም ግን ይህ ሁሉ እውቀት አይረዳም። በሌላው ዓለም ኩባንያው ዕቃውን ያሾለከውን አከፋፋይ እንዳይደርስበት ሲሉ ቁጥር የሚፍቁ የግሬይ ነጋዴዎች አሉ። ስለዚህ ሻጬ እውነቱን ሊሆን ይችላል። ሌባም የሚፍቀው በዚያው ምላጭ ነው። ገዢ ሁለቱን መለየት አይችልም። መለየት የማይችል ሰው ደግሞ መግዛት የለበትም፤ እኔም መግዛት አልነበረብኝም።

አንዳንድ ጓደኞቼ «እኛ ድሆች ነን፣ ከየት መጣ ብለን ምን አገባን?» ይላሉ። ይህ ክርክር ይገባኛል፤ የሁለት በግ ብር ነው የከፈልኩት። ነገር ግን የፎቶ ቤቱ ባለቤትም ሀብታም አይደሉም። ሦስቱ ሌንሶች የልጆቻቸው እንጀራ ነበሩ። ደግሞስ ነገ ካሜራ አንግተን ሕዝብ መሀል የምንገባው እኛ አይደለን? የሚሰረቀውም የእኛው ነው። የተፋቀ ሌንስ በርካሽ በገዛን ቁጥር የራሳችንን ቦርሳ የሚቆርጠውን ሰው እየቀጠርነው ነው። በሕግም ቢሆን በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ነጋዴ የዕቃውን ማገልገል እንዳይደብቅ ይከለክላል፤ የወንጀል ሕጉም የተሰረቀን ዕቃ አውቆ የሚገዛን አይምርም።

እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። ነገር ግን ከማታውቀው ሰው በግ ስትገዛ «ዋስ ጥራ» ትለዋለች። ዋስ ማለት ነገ ባለቤት ቢመጣ «ከእገሌ ነው የተገዛው» ብሎ የሚቆም ሰው ነው። ገበያው ተማምኖ የሚውለው በዚህ ነው። ጋዜጠኝነት ክፍል ገብተን የተማርነውስ ይኸው አይደል? ምንጩ ያልታወቀ ወሬ አይጻፍም ይሉናል። ምንጩ ያልታወቀ ሌንስ ግን እንገዛለን!

ስለሆነም ለዲፓርትመንታችን ሁለት ነገር አቀርባለሁ። አንደኛ፣ አንድ መዝገብ ይከፈትና እያንዳንዳችን የካሜራችንንና የሌንሳችንን ሲሪያል ቁጥር እናስመዝግብ። ቢሰረቅ ቢያንስ ለፖሊስ የምንሰጠው ነገር ይኖረናል። ብዙ ካሜራዎች በሚያነሱት ፎቶ ፋይል ውስጥ የካሜራውን ቁጥር፣ አንዳንዶቹም የሌንሱን ጭምር ስለሚጽፉ የቆዩ ፎቶዎችንም ማስቀመጥ ማስረጃ ይሆናል። እኔ ተስፋ አድርጌ የራሴን ፎቶዎች ከፍቼ ነበር፤ በሌንሱ ቁጥር ቦታ ዜሮ ብቻ ነው የወጣው። ሁለተኛ፣ ተማሪ ለተማሪ ሲሸጥ የሻጭና የገዢ ስም፣ ቁጥሩና የሁለት ምስክር ፊርማ ያለበት አንድ ገጽ ውል ይጻፍ። ወጪው አንድ ወረቀት ነው።

ዓርብ ዕለት ልጁ ብሩን ይዞ መጣ። ሁሉንም ነገርኩት፤ ቁጥሩ መፋቁን፣ ሻጩ ያለኝን፣ የፎቶ ቤቱ ሰውዬ ያሉትን። ይደነግጣል ብዬ ነበር። እሱ ግን «ችግር የለውም፣ ትንሽ ቀንሺልኝ ብቻ» አለኝ። ያን ጊዜ እኔ ደነገጥኩ፤ ባለፈው ሴሚስተር እዚያ ሱቅ ውስጥ የቆምኩትን ራሴን ነው ያየሁት።

አልሸጥኩለትም። ሌንሱ አሁንም ቦርሳዬ ውስጥ ነው፤ የእናቴ ሁለት በጎችም እንደወጡ ቀርተዋል። ለሚመለስለት ሰው ልመልሰው ብል ባለቤቱን የሚነግረኝ ቁጥር ተፍቋል። የቀረኝ አንድ ነገር ቢኖር ለሌላ ሰው አለማሻገር ነው። እናንተም የተፋቀ ሲቀርብላችሁ «ኦርጅናል ነው?» ብላችሁ አትለፉ። «ዋሱ ማነው?» በሉ።

ቸር ይግጠመን።