ዝም ያለው ስክሪን

ቴሌቪዥን በኢትዮጵያ በ1957 ዓ.ም. ከጀመረ በኋላ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት የምስል መበላሸት የቤተሰቡ ሁሉ ጉዳይ ነበር። አንዱ ጣሪያ ላይ ወጥቶ አንቴናውን ያዞራል፤ ሌላው በመስኮት አንገቱን አውጥቶ «አልፎታል፣ መልሰው! በቃ፣ እዚያው ተወው!» ይላል፤ አያት ከመቀመጫቸው ሳይነሡ ፍርድ ይሰጣሉ። ዛሬ በዚያው ቤት ስክሪኑ ላይ «ኖ ሲግናል» የሚል ጽሑፍ ሲመጣ ለዲሽ ሠሪ ይደወላል። ሰውየው ይመጣል፣ አንድ ዕቃ ይቀይራል፣ ይከፈለዋል፣ ይሄዳል። ምን ተበላሽቶ እንደነበር የሚጠይቅ የለም።

ዕቃው ረቀቀ፣ ሥራውም ወደ ባለሙያ ሄደ ብሎ ማለፍ ይቻላል። እኔ ግን ውድቀት ነው የምለው። ቤታችን የሚደርሰው ምስል ከቀድሞው የጠራ ነው፤ የወደቀው ከምልክቱ ተነሥቶ የችግሩን ምንጭ የመከተል ልማድ ነው። ይህ ልማድ መጀመሪያ ከባለቤቱ እጅ ወጣ፤ አሁን ደግሞ ከሠሪውም እጅ እየወጣ ነው። ለምን እንደሆነ ማወቅ የሚፈልግ ሰው ከሥርጭቱ ጠባይ መጀመር አለበት።

የድሮው አናሎግ ሥርጭት ሲታወክ ምን እንደነካው ያሳይ ነበር። ምስሉ ላይ ጥቁርና ነጭ ነጠብጣብ ከተርመሰመሰ የደረሰው ሞገድ ደካማ ነው፤ አንቴናው ዝቅ ብሏል ወይም ገመዱ ላልቷል። ከዜና አንባቢው ፊት ጎን ሌላ ደብዘዝ ያለ ፊት ከታየ ሞገዱ በሁለት መንገድ መጥቷል፤ አንዱ በቀጥታ ከማሠራጫው፣ ሌላው ከተራራ ወይም ከሕንፃ ተንጸባርቆ ጥቂት ዘግይቶ። የዘገየው ያንኑ ምስል ወደ ቀኝ ገፋ አድርጎ እንደገና ይስለዋል። መድኃኒቱም አንቴናውን የተንጸባረቀው ሞገድ ከሚመጣበት አቅጣጫ ማራቅ ነው። መኪና ባለፈ ቁጥር የነጥብ ሰልፍ ከታየ ጥፋቱ የሞተሩ የእሳት ብልጭታ እንጂ የቤቱ ዕቃ አይደለም። ነፋስ ሲነፍስ ብቻ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ምሰሶውን ማጥበቅ ነው። ዝናብ ሲመታው የሚደክም ከሆነ ከአንቴናው የሚወርደው ጠፍጣፋ ገመድ ረጥቧል። ይህን ማንም በትምህርት ቤት አልተማረውም። ስክሪኑ ራሱ አስተማሪ ነበር፣ ሰዉም በዓይኑ ተማረ።

ዲጂታል ሥርጭት ይህን አስተማሪ አስወገደ። ሪሲቨሩ በመንገድ ላይ የተበላሸውን መረጃ በስሌት እያረመ ያሳያል፤ እርማቱ እስከቻለ ድረስ ምስሉ እንከን የለውም። ዲሹ በትክክል ቢነጣጠርም፣ በነፋስ ጥቂት ተገፍቶ በአፋፍ ላይ ቢቆምም ተመልካቹ የሚያየው ያንኑ ነው። ገደቡ ሲታለፍ ግን ምስሉ ይሰነጣጠቃል፣ ይቆማል፣ ወዲያው ይጠፋል። የዞረ ዲሽ፣ ኮኔክተር ውስጥ የገባ ውሃ፣ የሞተ ኤልኤንቢ (ከዲሹ ፊት የሚቀመጠው ሞገድ ተቀባይ)፣ ኤሌክትሪክ ወደ ላይ የማይልክ ሪሲቨር፣ ፍሪኩዌንሲ የቀየረ ጣቢያ፤ አምስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ስክሪኑ ግን ለአምስቱም አንዲት ዐረፍተ ነገር ብቻ ይጽፋል። ለዕውቀቱ መዳከም ከሚነገሩት ምክንያቶች ሁሉ ይህን አስቀድማለሁ፤ ምልክቱ የማይታይን ብልሽት ምንጩን ለመፈለግ ሰው ከየት ይነሣል?

ሆኖም ማስረጃው ጨርሶ አልጠፋም፤ ከስክሪኑ ፊት ተነሥቶ ሜኑ ውስጥ ገባ እንጂ። አብዛኞቹ ሪሲቨሮች ሁለት መለኪያዎች አሏቸው፤ አንዱ የሲግናሉን ኃይል፣ ሌላው ጥራቱን ያሳያል። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን አይቶ «ሲግናል ሞልቷል፣ ታዲያ ለምን አይሠራም?» ይላል። ኤልኤንቢ ኤሌክትሪክ እስከ ደረሰው ድረስ የራሱን ጉምጉምታ ያመነጫል፣ የኃይል መለኪያውም ያንን ጭምር ይቆጥራል፤ ስለዚህ ወደ ባዶ ሰማይ የዞረ ዲሽም ከፍ ያለ ኃይል ሊያሳይ ይችላል። የሚታመነው ጥራቱ ነው። ኃይሉ እያለ ጥራቱ ዜሮ ሲሆን በአብዛኛው ገመዱና ኤልኤንቢው በሕይወት አሉ፤ የሚጠረጠረው የዲሹ አቅጣጫ፣ መንገዱን የዘጋ ነገር ወይም የተሳሳተ የሜኑ ምርጫ ነው። ሁለቱም ከወደቁ ግን ጣሪያ ከመውጣት በፊት ከሪሲቨሩ ጀርባ ያለውን ገመድ ፈትቶ ማየት ይቀድማል፤ አንዲት ቀጭን የሽቦ ጭራ ከመሐሉ መዳብ ጋር ተነካክታ ሁሉን ነገር ልታቆም ትችላለችና።

የጠፉት የትኞቹ ጣቢያዎች እንደሆኑም ብዙ ይናገራል። ሪሲቨሩ ኤልኤንቢውን የሚያዘው በዚያው ገመድ በሚልከው ቮልቴጅ ነው፤ 13 ቮልት ሲልክ በአቀባዊ፣ 18 ቮልት ሲልክ በአግድም የሚመጣውን ሞገድ ይቀበላል። በአቀባዊ የሚመጡት ጣቢያዎች እያሉ የአግድሞቹ ብቻ በአንድነት ከጠፉ፣ ሪሲቨሩ 18 ቮልቱን እየላከ አይደለም ወይም ቮልቴጁ በመንገድ እየደከመ ነው፤ ረጅም ገመድና የዛገ ኮኔክተር ይህን ያደርጋሉ። ከ11.7 ጊጋኸርዝ በላይ ያሉት ብቻ ከጠፉ ደግሞ ኤልኤንቢውን ወደ ላይኛው ክፍል የምታሻግረው የ22 ኪሎኸርዝ ምልክት ትጠረጠራለች። ይህን ለማወቅ ሪሞትና ትዕግሥት ይበቃል። ለዲሽ ሠሪው በስልክ የሚነገረው ግን ሁልጊዜ «ቻናሎቹ ጠፉ» የሚል ነው፤ የትኞቹ ጠፉ፣ የትኞቹ ቀሩ አይባልም።

ሁለተኛው ምክንያት ዕቃው መርከሱ ነው፤ ከመፈተሽ መቀየር ይቀላል። በክረምት የሚያጋጥመውን እንውሰድ። ከኤልኤንቢው ጋር የሚገናኘው ኮኔክተር በወጉ ካልታሸገ ዝናብ ይገባዋል፤ ውሃውም ላምባ በኩራዝ ክር እንደሚሳብ በገመዱ ሽቦ ጉንጉን እየተሳበ ወደ ውስጥ ይዘልቃል። ሠሪው ይመጣና ኤልኤንቢውን ይቀይራል። ሲቀይር ግን የገመዱን ጫፍ ይቆርጣል፣ አዲስ ኮኔክተር ያስገባል፣ ምስሉም ይመለሳል። ፈውሱ የመጣው ከተቆረጠው ጫፍ ነው፤ የተጣለው ኤልኤንቢ ጤነኛ ነበር። ሽፋን ስላልተደረገ ግን በሚቀጥለው ዝናብ ችግሩ ይመለሳል፤ ባለቤቱም «የዘንድሮ ኤልኤንቢ አይረባም» ይላል። ኮኔክተሩን ውሃ በማያስገባ ፕላስተር መጠቅለልና ገመዱን ከመግቢያው በታች ጎበጥ አድርጎ ማሰር፣ ውሃው ከጉብታው ሥር እንዲንጠባጠብ፣ ከአዲስ ኤልኤንቢ ዋጋ ጋር የሚወዳደር ወጪ የለውም።

ሠሪዎቹን ለመውቀስ አልቸኩልም። ደንበኛው የሚከፍለው ለዕቃ ነው። አንድ ባለሙያ ግማሽ ሰዓት ፈትሾ «የላላ ኮኔክተር ነው፣ አጥብቄዋለሁ» ቢል የድካሙን ዋጋ የሚሰጠው ጥቂት ሰው ነው፤ አዲስ ኤልኤንቢ በካርቶኑ ይዞ ቢመጣ ግን ማንም አይከራከረውም። ለማሰብ የማይከፍል ገበያ ማሰብን እየቀነሰ ይሄዳል። በሙያው ያደጉ፣ መለኪያ መሣሪያ ሳይዙ የዲሹን ጠርዝ በሁለት ጣት ገፋ እያደረጉ ጥራቱ ወዴት እንደሚጨምር የሚያዳምጡ ሠሪዎች አሁንም አሉ። እነሱ ዘንድ የቀረው ዕውቀት ወደ ወጣቶቹ የሚሻገርበት መንገድ መጥበቡ ያሳስበኛል።

ከዚያ የሳተላይት ለውጡ መጣ። በ2012 እና 2013 ዓ.ም. አብዛኞቹ የአገር ውስጥ ጣቢያዎች ናይልሳትን ትተው ወደ ኢትዮሳት ሲሻገሩ የአገሩ ዲሽ ሁሉ ፊቱን ማዞር ነበረበት። ናይልሳት ያለው በ7 ዲግሪ ምዕራብ ነው፤ ከአዲስ አበባ ሲታይ በምዕራብ በኩል ከአድማስ 37 ዲግሪ ያህል ከፍ ይላል። ኢትዮሳት የሚሠራጭበት ኤንኤስኤስ-12 በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ስለቆመ በምሥራቅና በደቡብ ምሥራቅ መካከል 66 ዲግሪ ያህል ከፍታ ላይ ይገኛል። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ለናይልሳት፣ ከዲሹ 4 ሜትር ርቆ ከእሱ በ3 ሜትር የሚበልጥ ግንብ መንገድ ይዘጋል። ለኢትዮሳት በዚያው ርቀት ያለ ግንብ ለመዝጋት ከዲሹ 9 ሜትር ያህል መብለጥ አለበት። እንግዲህ «ዛፍ ከለለው»፣ «የጎረቤት ፎቅ ጋረደው» የሚሉ ምክንያቶች ከለውጡ በኋላ ሊቀንሱ ይገባ ነበር። አሁንም ይነገራሉ፤ ማዕዘኑን የሚያሰላ የለምና።

በኮንዶሚኒየም የሚኖር ሰው ችግር ግን እውነተኛ ነው። በረንዳው ወደ ምዕራብ የዞረ ቤት ናይልሳትን ከበረንዳው ሲያይ ኖሮ ለኢትዮሳት ጣሪያ መውጣት ግድ ሆነበት፤ ከጣሪያ እስከ ቤቱ የሚወርደው ገመድ በረዘመ መጠን ደግሞ ሲግናሉም ቮልቴጁም ይደክማል። በዚያን ጊዜ ሁሉም ሰው ሠሪ መጥራቱ ተገቢ ነበር። ነገር ግን በግዴታ የተጀመረው ልማድ ሆኖ ቀረ።

ከዚህ ሁሉ በፊት የተዘራ አንድ ጥርጣሬም አለ። ከውጭ የሚሠራጩ የአማርኛና የኦሮምኛ ጣቢያዎች በተደጋጋሚ ይታፈኑ በነበረበት ዘመን፣ በ2009 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ መመሪያ ኢሳትንና ኦኤምኤንን ማየት እስከ መከልከል ሲደርስ፣ «አፍነውት ነው» የሚለው ግምት ብዙ ጊዜ ልክ ነበር። ልክ የነበረ ግምት ግን ከዘመኑ አልፎ ይኖራል። ጥፋቱ ከላይ ነው ብሎ ያመነ ሰው ኮኔክተሩን አይነካም። አፈናውን ከቤት ብልሽት የሚለይ ፈተና እኮ ነፃ ነው፤ ጎረቤት ሄዶ ያንኑ ጣቢያ ማየት። እዚያ ካለ ችግሩ የእኔ ቤት ነው፤ እዚያም ከሌለ ጣሪያ መውጣት አያስፈልግም። በአንቴናው ዘመን ይህ ጥያቄ በአጥር ላይ ይጠየቅ ነበር።

ሰዓቱን መመዝገብም እንዲሁ ይረዳል። ኃይለኛ ዝናብ ሲወርድ ጠፍቶ ሲያባራ የሚመለስ ምስል ሞገዱን በመንገድ ያደከመው ዝናቡ መሆኑን ይናገራል፤ ዲሹ በደንብ ካልተነጣጠረ ይህ በቀላል ዝናብም ይደርሳል። ዝናቡ ካቆመ በኋላ ጠፍቶ በማግስቱ ፀሐይ ሲሞቅ የሚመለስ ከሆነ ውሃው ኮኔክተሩ ውስጥ ነው። በመስቀል ሰሞንና በመጋቢት መጀመሪያ ሳምንታት ደግሞ በጠራ ሰማይ፣ በኢትዮሳት ረፋዱ ላይ፣ በናይልሳት ከሰዓት በኋላ፣ ምስሉ ለጥቂት ደቂቃ ተቆራርጦ ይመለሳል፤ ለጥቂት ቀናትም ይደጋገማል። ፀሐይ በትክክል ከሳተላይቱ ጀርባ ስለምታልፍ የእሷ ጉምጉምታ ሲግናሉን ይውጠዋል። ምንም አልተበላሸም። እንዲያውም ያች ደቂቃ ጠቃሚ ናት፤ ፀሐይዋ ሳተላይቱ ባለበት ቦታ ቆማለችና፣ የቅርንጫፍ ጥላ ዲሹ ላይ ካረፈ ያ ቅርንጫፍ በእርግጥ መንገድ ላይ ነው። ጣቢያዎቹ ይህን በዜና መካከል በአንዲት ዐረፍተ ነገር ቢያስታውቁ ስንት ሰው ሠሪ ከመጥራት በዳነ ነበር።

ሁሉም በስልክ በሚያይበት ዘመን ይህ ለምን ያሳስባል የሚል ይኖራል። የስልኩ ምስል በዳታ ይከፈልበታል፤ ከሳተላይት በነፃ የሚወርደው አንዴ በትክክል ከተተከለ ወርኃዊ ክፍያ የለውም። ለጡረተኛ፣ ልጆቹን በአንድ ደሞዝ ለሚያሳድግ ሰው፣ ኢንተርኔት ለማይደርሰው የገጠር ከተማ ልዩነቱ ትልቅ ነው። ዲጂታል ምድራዊ ሥርጭት በሰፊው ሲዘረጋም አንቴናው ወደ ጣሪያ ይመለሳል፤ ጠባዩ ግን የዲሹ ነው። ድርብ ምስልም ነጠብጣብም አያሳይም፤ ወይ ይሠራል ወይ ይጠፋል።

ስለዚህ ከሠሪው የምንጠይቀው ነገር መለወጥ አለበት። ተክሎ ሲጨርስ፣ ደረቅ በሆነ ቀን፣ የሳተላይቱን ስም፣ የኤልኤንቢውን የሜኑ ምርጫ፣ ጥራቱ የተለካበትን ፍሪኩዌንሲና ያነበበውን ቁጥር በወረቀት ጽፎ ከሪሲቨሩ ሥር ይለጥፍ። ባለቤቱ በየዓመቱ በግንቦት፣ ክረምቱ ሳይገባ፣ ያንኑ ፍሪኩዌንሲ ከፍቶ ያንብብ። 75 የነበረው 55 ከሆነ ምስሉ ገና የጠራ ቢሆንም ዲሹ ተገፍቷል ወይም ኮኔክተሩ መዛግ ጀምሯል፤ ቁልፍና ፕላስተር ይዞ መውጫው ጊዜ ያኔ ነው።