ለጌጥ አንጠራ

«ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ይላሉ አባቶቻችን። ተረቱ ስለ ሊጥ ሲነገር እውነት ሊሆን ይችላል፤ ስለ ከተማ ሲነገር ግን አንድ ነገር ይጎድለዋል። ዛሬ የሚቦካውን ከተማ ነገ የሚበላው ልጁ ነውና! ቀያሹ ጡረታ ከወጣ በኋላ በቀየሰው መንገድ ላይ ዕድሜውን ሙሉ የሚመላለሰው የዛሬው ተማሪ ነው። ስለዚህ ከተማ ሲታነጽ ወጣቱ ይጠየቅ ማለት ልመና አይደለም፤ መብት ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 43፣ ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸውን የመጠየቅ መብት እንዳላቸው ይናገራል።

ነገር ግን መጠየቅም ዓይነት አለው። ሮጀር ሃርት የተባለው ምሁር በ1992 እ.ኤ.አ. ለዩኒሴፍ በጻፈው ጽሑፍ የልጆችንና የወጣቶችን ተሳትፎ ስምንት ደረጃ ባለው መሰላል መስሎታል። የታችኞቹ ሦስት ደረጃዎች መጠቀሚያ መሆን፣ ጌጥ መሆንና ለስም ያህል መቀመጥ ናቸው፤ እነዚህንም ተሳትፎ አይላቸውም። እንግዲህ ካናቴራ ለብሶ፣ በአዳራሽ ተደርድሮ፣ አልቆ ለመጣ ፕላን የሚያጨበጭብ ወጣት ከየትኛው ደረጃ ላይ እንደቆመ አንባቢ ይፍረድ። ፕላኑ ከታተመ በኋላ አስተያየት መጠየቅ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ነው።

«ወጣቱስ ምን ያውቃል?» የሚል አይጠፋም። አሜሪካዊው የከተማ ፕላን ሊቅ ኬቪን ሊንች በ1970ዎቹ በዩኔስኮ ድጋፍ በአርጀንቲና፣ በአውስትራልያ፣ በሜክሲኮና በፖላንድ የሚኖሩ ልጆች ሰፈራቸውን በሥዕልና በቃል እንዲገልጹ የሚያደርግ ጥናት መራ። በሜልበርን ዳርቻ ሜዳ ሞልቶ ሳለ ልጆቹ ሰፈሩ እንደሚሰለቻቸው ተናገሩ፤ በአርጀንቲናዋ ሳልታ ዳርቻ ባለ ድኻ ሰፈር ያደጉት ግን በሰፈራቸው ይኮሩ ነበር። የሜዳውን ስፋት መሐንዲስ ይለካል፤ ሜዳው ሕይወት ያለው መሆኑን የሚያውቀው ግን የሚውልበት ልጅ ነው።

ወደ አዲስ አበባችን እንመለስ። ይህች ከተማ ፕላን አጥታ አታውቅም። በ1956 እ.ኤ.አ. እንግሊዛዊው ሰር ፓትሪክ አበርክሮምቢ፣ በ1965 እ.ኤ.አ. ደግሞ ፈረንሳዊው ደ ማርየን ፕላን አውጥተውላታል፤ ከዚያም ወዲህ ሌሎች ተከትለዋል። ችግሩ በካርታ ላይ የማይታየው ነገር ነው። የሰፈር ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት ሜዳ በካርታው ላይ «ባዶ ቦታ» ነው፤ ባዶ የተባለ ደግሞ ባለቤት አይፈለግለትም። በ2018 እ.ኤ.አ. መጨረሻ «መንገድ ለሰው» ተብሎ ጎዳናዎች ለመኪና በተዘጉ ጊዜ ልጆች ኳሳቸውን ይዘው አስፋልቱን ሞሉት። ከተማዋ ምን እንደሚጎድላት ከዚህ የበለጠ ምስክር ማን ያምጣ? ደግሞም ከመሸ በኋላ የትኛው መንገድ ጨለማ እንደሆነ፣ የትኛው መታጠፊያ እንደሚያስፈራ ከእኅቶቻችን የተሻለ ማን ያውቃል?

የድልድዩን ብረት ውፍረት ተማሪ ይወስን አላልንም። የሙያው ድርሻ ለባለሙያ ነው። ነገር ግን ድልድዩ የት ቢቆም ሰው እንደሚሻገርበት የሚናገረው የሚሻገረው ነው።

ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፣ መጮኽ ብቻ አይበቃንም፤ የምንሰጠው ነገር ይኑረን። ከ1964 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የዚያ ዘመን ተማሪዎች በዩኒቨርሲቲ አገልግሎት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እየሄዱ ወገናቸውን አገልግለዋል። እኛስ የአንድ ክረምት ዕረፍት ለሰፈራችን ብንሰጥ ምን ይከብደናል? ሜትርና ወረቀት ይዘን ሜዳውን እንለካ፤ ልጆቹን፣ እናቶችን፣ ሽማግሌዎችን እንጠይቅ። የሕንፃ ተማሪው ይሣል፣ የሕግ ተማሪው አንቀጹን ይጥቀስ፣ የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪው የሰውን ቃል ይመዝግብ። ይህንንም ፕላኑ ገና በእርሳስ ሳለ ለወረዳው ጽሕፈት ቤት እናስረክብ። ያን ጊዜ በአዳራሹ ስንጠራ የምንቀመጠው ለማጨብጨብ ሳይሆን ለመምከር ይሆናል።